ፋሻ ተቀይሮለት የነበረው ፓምፕ

ፎገራ ላይ ሩዙ ታጭዶ ሽንኩርቱ መተከል ሲጀምር ወረታ ያለን ጋራዦች በውሃ ፓምፕ እንጥለቀለቃለን። ከጉማራና ከርብ ወንዝ ውሃ ከሚስቡት ፓምፖች ብዙዎቹ የሆንዳ ጂኤክስ 160 ሞተር ወይም የሱ የቻይና ቅጂ አላቸው። የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 68 ሚሊ ሜትር ነው። ትንሽ ሞተር ናት፣ ጉልበቷ ግን አይናቅም። አቧራ አትችልም እንጂ። በዚያ ወቅት የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ "ዘይት ትበላለች፣ ትጨሳለች፣ ፋሻ ቀይሩልኝ።" ፋሻ የምንለው ሲሊንደሩ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰውን ፒስተን የሚከብበውን፣ ጫፍና ጫፉ ያልተያያዘ ስስ የብረት ቀለበት ነው።

አንድ ቀን አንድ አባት ፓምፓቸውን ባጃጅ ላይ ጭነው መጡ። ሌላ ቦታ ፋሻ አስቀይረውላት ብዙም ሳትቆይ ሰማያዊ ጭሷን መልቀቅ ጀምራለች። ማሳው ውሃ እየጠበቀ ነውና ተናደዋል።

"የማይረባ ፋሻ ነው የገጠሙልኝ። ደህናውን አድርግልኝ ልጄ" አሉት አለቃችንን።

ይህን ሲሰማ ረዳታችን ፊቱ በራ። ከባሕር ዳር የፋሻ መግጠሚያ ዕቃ ገዝቶ የሚሞክርበት አጥቶ ነበር። አንዱ የፋሻውን ሁለት ጫፍ ይዞ እኩል የሚከፍት ፒንሳ ነው። ሌላው ፒስተኑ ላይ ተጠምጥሞ ፋሻዎቹን የሚጨምቅ የላሜራ ቀበቶ ነው። እኛ ጋ እስከዚያ ድረስ ፋሻ የሚከፈተው በአውራ ጣት ነበር። አለቃችን በጣቱ ሲሰብር አይቼ አላውቅም። ረዳቱ ልጅ ግን ይሰብር ነበር። በፋሻ ላይ ደግሞ ቀልድ የለም፤ ትንሽ ከጠመዘዝከው ወይ ቀጭ ይላል፣ ወይ ሳይሰበር ይጣመምና ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ ጉድህን ያወጣል።

ቴስታታውን፣ ማለትም የሲሊንደሩን ክዳን፣ አንስተን ፒስተኑን አወጣን። ፋሻዎቹ ደህና ናቸው። ምልክት ያለበት ፊታቸው ወደ ላይ ዞሯል፣ ክፍተቶቻቸውም አንድ መስመር ላይ አልገጠሙም። ያ መካኒክ አገጣጠሙን ያውቅበታል። ልጁ አዲሱን ፋሻ ከካርቶን አውጥቶ ፒንሳውን ሲያነሳ አለቃችን "ቆይ፣ ፊለር ጌጁን አምጣ" አለው።

ፊለር ጌጅ ውፍረታቸው የተጻፈባቸው የስስ ብረት ቅጠሎች ጥራዝ ነው። እኛ ጋ የቫልቭ ክፍተት ለማስተካከል ብቻ ይወጣል። ከዚያ ዘይት እንደጠጣ ተመልሶ መሳቢያ ውስጥ ይወረወራል።

አለቃችን አዲሱን የላይኛውን ፋሻ ባዶው ሲሊንደር ውስጥ ከተተው። በፒስተኑ አናት እየገፋ ፋሻው የማይሮጥበት ታችኛው ክፍል ድረስ አወረደው። በፒስተን የሚገፋው እንዳይዘም ነው። በሁለቱ ጫፎች መሃል ቅጠሎቹን እየቀያየረ አስገባ። ዜሮ ነጥብ 30 ሚሊ ሜትር። ጥሩ ነው፤ ለ68 ሲሊንደር ዜሮ ነጥብ 27 አካባቢ ይጠበቃል። ቀጥሎ ፋሻውን ወደ ላይ፣ ፒስተኑ ደርሶ ወደሚመለስበት ቦታ አመጣው። እዚያ ዜሮ ነጥብ 75 የሚሆን ቅጠል ገባ።

"አሁን የሁለቱን ልዩነት ለ3.14 አካፍል" አለው ልጁን።

ልጁ ስልኩን አወጣ። ዜሮ ነጥብ 14 ገደማ መጣ። ሲሊንደሩ ከታች ይልቅ ከላይ ያን ያህል ሰፍቷል ማለት ነው። የክቡ ከዳር እስከ ዳር ስፋት (ዲያሜትሩ) በአንድ ሲጨምር ዙሪያው በ3.14 ይጨምራል፤ ጭማሪው በሙሉ ፋሻው ክፍተት ላይ ይታያል። ውድ የሲሊንደር መለኪያ ለሌለው ጋራዥ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ለአዲስ መካኒክ መጀመሪያ የማስገዛው ፒንሳውንም ቀበቶውንም አይደለም፤ ፊለር ጌጅ ነው። እነዚያ የሚጠቅሙህ ለመግጠም ከወሰንክ በኋላ ነው።

ሰውየውን ማስረዳት ግን ከመለካቱ ይከብድ ነበር። ፋሻው ከላይ ሲሰፋ ከታች ሲጠብ ውሎ የሚያድርበት ሲሊንደር ውስጥ የወርቅ ፋሻም ብናስገባ ትጨሳለች። አለቃችን ቅጠሏን በእጃቸው አስያዛቸውና ራሳቸው ከታችም ከላይም እንዲሞክሩ አደረጋቸው። ከላይ ስትወዛወዝ ሲያዩ "እንግዲያው የሚበጀውን አድርጉ" አሉ።

ሲሊንደሩ ባሕር ዳር ቶርኖ ቤት ሄዶ በዜሮ ነጥብ 25 ሰፍቶ መጣ። በልኩ ፒስተንና ፋሻ ተገዛ። የልጁ ዕቃ ተራው ደረሰ። ፒንሳው ለሁለቱ የላይኛ ፋሻዎች ግሩም ሆነ። የዘይቱ ፋሻ ግን ሦስት ቁራጭ ነው፤ መሃል የተጨማደደ ስስ ቆርቆሮ፣ ከላይና ከታች ሁለት ስስ ቀለበት። ይሄ በእጅ ነው የሚጠመጠመው። የተጨማደደው ጫፍና ጫፍ መነካካት እንጂ መደራረብ የለበትም። ከተደራረበ አዲስ ሞተር ዘይት ይበላል።

ፒስተኑን ዘይት ቀብተን በቀበቶው አስረን ሲሊንደሩ አፍ ላይ አስቀመጥነው። ልጁ በመዶሻው የእንጨት እጀታ መታ መታ ያደርጋል። ዱብ፣ ዱብ እያለ ይወርድ የነበረው ድንገት ጠጠር ብሎ ቆመ። ልጁ ጠንከር አድርጎ ሊደግም እጀታውን ሲያነሳ አለቃችን ክንዱን ያዘው።

"አትምታ። ፋሻ ወጥቷል።"

ቀበቶውን ፈትተን አየን። ቀበቶው በአንድ በኩል ከሲሊንደሩ አፍ ትንሽ ከፍ ብሎ ኖሯል። በዚያች ክፍተት የዘይቱ ፋሻ ታችኛው ቀለበት ሾልኮ ጠርዙ ላይ ተሰቅሏል። አንድ ምት ቢጨመር ቀለበቱ ይታጠፍ ነበር፤ ፒስተኑም ይቧጨር ነበር። አስወጥተን፣ ቀበቶውን ዙሪያውን አስተኝተን፣ በአንድ እጅ ወደ ታች ተጭነን ያዝን። ያኔ በቀላል ምት ተንሸራቶ ገባ።

በነገራችን ላይ ያ ቀበቶ ለባጃጅና ለሞተር ሳይክል ሁሉ አይሆንም። እነሱ ላይ ፒስተኑ ቢየላው (ከሥር የሚይዘው ዘንግ) ላይ እንደታሰረ ሲሊንደሩ ነው ከላይ የሚወርደው። ዙሪያውን ዝግ የሆነ መጭመቂያ ከተጠቀምክ ሥራው ሲያልቅ ከሥር ታስሮ ይቀራል። ለነሱ ተከፍቶ የሚወጣ ያስፈልጋል።

ፓምፑ ተነሳ። መጀመሪያ ትንሽ ጨሰ፤ ስንገጥም የቀባነው ዘይት ነው። ከዚያ ጠራ። አለቃችን ግን አልለቀቃቸውም። የአየር ማጣሪያውን ቤት ከፍቶ አሳያቸው። ባዶ ነው።

"አባቴ፣ ስፖንጁ የት ሄደ?"

"ትንፋሽ ይከለክላታል ብሎ አንዱ ጎረምሳ አወጣልኝ። እውነትም ጉልበት ጨምራ ነበር።"

"ሲሊንደሩን የበላው እሱ ነው። ያለ ስፖንጅ አቧራውን በቀጥታ እየሳበች ነው የከረመችው።"

አዲስ ስፖንጅ ዘይት ነክረን፣ ጨምቀን ገጠምንላት። የቶርኖ ቤቱን ሒሳብ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ የከፈሉት ሰውዬ በስፖንጁ ዋጋ ግን እስኪመሽ ተከራከሩን።