ሮም ላይ የገዛኋት የማርያም ሳንቲም

ሮም በገባሁ በሶስተኛው ቀን እሁድ ነበርና የአክስቴ ልጅ በጠዋት ቀስቅሳ ፖርታ ፖርቴሴ ወሰደችኝ፣ እሁድ እሁድ የሚቆም ገበያ ነው፣ ምን አለፋችሁ ቁርጥ የኛ ምናለሽ ተራ። እሷ ጫማ ስታማርጥ እኔ አሮጌ ሳንቲም የዘረጋ ሽማግሌ ጋ ተገትሬ ቀረሁ።

ከመሃል አንዷ ወፍራም መዳብ አይኔ ገባች፣ ከኛ የአንድ ብር ሳንቲም ሰፋ ትላለች፣ በአንድ በኩል እመቤታችን ተከናንባ ወደ ጎን ዞራለች፣ አፍንጫዋ በሰው እጅ ብዛት ተልጧል። ስገለብጣት "ባዮኪ ቺንኩዌ፣ ቪቴርቦ 1797" ይላል። 5 ባዮኪ መሆኑ ነው፣ ነጠላው ባዮኮ ይባላል፣ 100 ባዮኪ ደግሞ ስኩዶ የሚሉት አንድ የብር ገንዘብ ነበር፣ የሮም ጳጳስ ራሱ አገር ይገዛ በነበረበት ዘመን።

ነገርዬው እንዲህ ነው፣ በፈረንጆቹ 1796 የፈረንሳዩ ናፖሊዮን ሲመጣባቸው ጳጳሱ ፒዮስ 6ኛ ለተኩስ አቁም ብቻ 21 ሚሊዮን ሊቭር (የፈረንሳይ ገንዘብ)፣ 100 የጥበብ ስራና 500 የብራና መጽሐፍ ሊሰጡ ተስማሙ፣ በዓመቱ ቶሌንቲኖ ከተማ ላይ በተፈረመው ውል ደግሞ ሌላ ተጨመረባቸው። የብር ሳንቲሙ ወደ ፓሪስ ሲጋዝ ህዝቡ በምን ይገበያይ? በመዳብ! ሮም ብቻዋን አልቻለችውም፣ እንደ ፔሩጂያ፣ ፎሊኞና ቪቴርቦ ያሉ ከተሞችም እየቀጠቀጡ ያወጡ ጀመር። ባለ 2 ተኩል ባዮኪዋ ሳንቲም ላይ ቅዱስ ጴጥሮስን አደረጉ፣ ሰዉ ሳምፒዬትሪኖ አለው፣ የማርያሟን ደሞ ማዶኒና። የገረመኝ ግን ባለ 5ቷ ከባለ 1ዱ አምስት እጥፍ አትከብድም፣ እጥፍ እንኳን በቅጡ አትሞላም። ካዝናው ባዶ ነው፣ መዳቡ ዋጋውን አያወጣም፣ ስለዚህ ድንግልን ዋስ ጠሩ በቃ! ማን ደፍሮ አልቀበልም ይላል?

ሽማግሌው 25 ዩሮ አለ። የአክስቴ ልጅ ጫማዋን በፌስታል አንጠልጥላ ደረሰች፣ "አንተ ደሞ! ቤሳ ቤስቲን ለማታወጣ ዝገት?" ሳቄ መጣ፣ ቤሳም እኮ መዳብ ነበረች፣ ጣልያኖቹም እስከዛሬ "አንድ ባዮኮ አያወጣም" ይላሉ። በጣልያንኛዋ ተከራክራ 15 አስገባችው።

አውቶብስ ውስጥ እጄ መዳብ መዳብ ይሸታል። ሳንቲሟን ተቀብላኝ ስታገላብጥ ፊቷን አየችና ዝም አለች፣ ከዛ "ማርያም ያለችበትን እንዲህ በኪስህ ታንኳኳለህ?" ብላ በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከዳዊቷ ጎን ከተተቻት።