የፋይበሯ መኪና፦ ሁለት ጊዜ የተመለሰው ስንጥቅ

ጀመዓ፣ እንዴት ናችሁ? ባለፈው ቅዳሜ ድሬዳዋ ከዚራ ዛፉ ጥላ ሥር መኪናዬን አቁሜ ሳለ «ቀለሙን ማን ሠራልህ?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። መልሱ በአንድ ትንፋሽ አያልቅም። ከሰኔ እስከ የካቲት የለፋሁበትን፣ ያበላሸሁትን ጭምር፣ እንዳለ ልጻፈው።

ለማታውቋት፦ ከታች የቮልስ ሻንሲ (የመኪናው ወለል አካል) እና ሞተር፣ ከላይ ጣሪያ የሌለው ባለ ሁለት ወንበር የፋይበርግላስ ቦዲ ናት። ይህን ዓይነት መኪና ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ታዋቂ ያደረገው ብሩስ ሜየርስ ነው፤ ጀልባ ይሠራ ስለነበር ፋይበር ለእጁ አዲስ አልነበረም። የኔዋን ቦዲ ማን እንዳወጣው የሚናገር ምልክት የለባትም። ስገዛት ጥቁር አረንጓዴ ነበረች፤ የቀኝ የፊት ፓራፋንጎዋ (የጎማ መሸፈኛዋ) ላይ ጥፍር የሚያህል ቀለም ተላጦ ነበር። ከዚያች ቁራጭ ነው ሁሉም የጀመረው።

ሥራዬ ሌላ ነው፤ ቀለም የለመድኩት ቅዳሜና እሁድ ሐረር አጎቴ ዘንድ ነው። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የፔዦ 404 ታክሲዎችን ሲጠግኑና ሲቀቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ እጄ የለመደው ላሜራ ነው። የተላጠችውንም ቦታ እንደ ላሜራ ያዝኳት፦ አሸሁ፣ ስቱኮ (መሙያ ማጣበቂያ) ሞላሁ፣ አንቲሩጂን (ዝገት መከላከያ ቅብ) ነፋሁ፣ ቀለም ደረብኩ። ያማረ መስሎኝ ነበር። በሁለት ሳምንቱ እዚያው ቦታ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ወጣ። በድጋሚ አሸሁና ስቱኮውን አወፈርኩት። ተመለሰ። ሦስተኛውን አንድ ጋራዥ ሰጠሁት፤ ቀቢው ለላሜራ የሚጠቀምበትን የቀለም ማላቀቂያ ኬሚካል አፈሰሰበት። የድሮው ቀለም ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ጄልኮትም፣ ማለትም የፋይበሩ ስስ የላይ ሽፋን፣ ለስልሶ እንደ ማስቲካ ተነሳ። ያን ቀን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልሸጣት ወስኜ ነበር።

ይህን ያዙልኝ፦ ፋይበር ላይ የተለመደውን ማላቀቂያ አታድርጉ። ኬሚካሉ ሬዚኑን (የፋይበሩን ክር የሚያጣብቀውን ሙጫ) ከቀለሙ አይለየውም፤ የተረፈውም ውስጡ ሰርጎ ይቀመጥና ከወራት በኋላ አዲሱን ቀለም ያፈላዋል። እኔ ከዚያ በኋላ ቀሪውን ቦዲ በሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ነው የገፈፍኩት፤ አራት ቅዳሜ ፈጀብኝ። አቧራው የመስታወት ክር ስላለበት ቆዳ ያሳክካል፣ ሳንባ ይጎዳል። ጭምብል፣ እጅጌ ሙሉ ልብስ፣ ሲጨርሱም በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ።

ነገሩ የተፈታው አጎቴ ለሠርግ ድሬ የወረዱ ዕለት ነው። መኪናዋን አሳየኋቸው። ከላይ ዓይናቸውን እንኳ አላሳረፉም፤ «እጅ ባትሪ አምጣ» አሉኝና ተንበርክከው ፓራፋንጎውን ከውስጥ አበሩበት።

«ልጄ፣ ከላይ ያለውን ተወው። ከሥር የሚመታው ምንድን ነው?»

ገብቼ ሳይ፣ ከላይ ኮከብ የመሰለ ስንጥቅ ባለበት በእያንዳንዱ ቦታ ትክክል፣ ከውስጥ በኩል ነጣ ያለ ትንሽ ጠባሳ አለ። ጎማዋ ሰፊ ነው፣ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ምንም መከላከያ የለም። በደቻቱ ወንዝ አሸዋና ጠጠር ላይ ስነዳ ጎማው ድንጋይ ያነሳና ከውስጥ ይወነጭፋል። ላሜራ ቢሆን ይጎደጉድና የተመታበት ይታይ ነበር። ፋይበር ግን ይለመጥና ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ጉድጓድ አይቀርበትም። ከላይ ያለው ጄልኮት ስስና ደረቅ ስለሆነ አብሮ መለመጥ አይችልም፣ ይሰነጠቃል። እላዩ ያለው ቀለም ተከትሎት ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ይላጣል። እኔ ሁለት ጊዜ የደፈንኩት የቁስሉን አፍ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከውስጥ በኩል ጭቃውንና የድሮ ቅባቱን አጥቤ፣ ለሁለት ሳምንት አደረቅኩ፤ እርጥበት ውስጥ ከቀረ ቀለሙ በኋላ ፊኛ ያወጣል። በ80 ቁጥር አሸሁና ሁለት ድርብ ማት በሬዚን ለጠፍኩ። ማት ያልኩት ያን የመስታወት ክር ምንጣፍ ነው፤ የፋይበር በር የሚሠራ ልጅ ከትራፊው ሰጠኝ። ከውስጥ ሲጠነክር ወደ ላይ ወጣሁ። እያንዳንዱን ስንጥቅ መጨረሻው እስኪጠፋ ድረስ በግራይንደር እንደ ቦይ ከፈትኩት፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ከተረፈች ከዚያው ትቀጥላለችና። ቦዩን በስስ ፋይበርና በሬዚን ሞላሁ። ስቱኮ የነካው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ።

የሬዚኑን ነገር የድሬ ሰዎች በተለይ አስተውሉ። ለአንድ ሊትር ሬዚን ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ሃርድነር (ማድረቂያ) ይገባል። የመጀመሪያ ቀን በጠራራ ፀሐይ ግማሽ ሊትር ያህል በጣሳ በጠበጥኩ። ብሩሼን ሁለት ጊዜ እንኳ ሳልነክር ሬዚኑ ጣሳው ውስጥ ደረቀ፤ ጣሳው እጅ እስኪያቃጥል ግሎ ጭስ ወጣው። ሬዚን ሲደርቅ የራሱን ሙቀት ያወጣል፣ በጠባብ ዕቃ ሲከማች ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው ራሱን ያፋጥናል። አሁን የምበጠብጠው 100 ግራም ብቻ፣ በሰፊ ጠፍጣፋ ዕቃ፣ ሃርድነሩን ከዝቅተኛው ልክ ሳላሳልፍ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው።

የድሬ ፀሐይ ግን በሌላ በኩል ጠቅማኛለች። ጥገናው ካለቀ በኋላ ቦዲውን ቀለም ሳልነካ ሦስት ሳምንት ፀሐይ ላይ ተውኩት። ሬዚን ከደረቀም በኋላ ቀስ እያለ ይሰበሰባል፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ ከተሰበሰበ የክሩ ሽመና በቀለሙ ላይ ይወጣል። ስለዚህ አስቀድሞ ይሰብሰብ። ቀለሟን ከጥቁር አረንጓዴ ወደ ነጭ የቀየርኩትም ለዚሁ ነው። ጥቁር ቀለም በሰኔ ፀሐይ ክፉኛ ይግላል፣ ፋይበር ደግሞ ሲግል ይንቀሳቀሳል። በኋላ ሳነብ ደስ ያለኝ ነገር፣ በ1953 እ.ኤ.አ. የወጡት የመጀመሪያዎቹ 300 የፋይበርግላስ ሸቭሮሌ ኮርቬቶች በሙሉ ነጭ ነበሩ።

ለመሠረት ኤፖክሲ ፕራይመር ነው የነፋሁት። ላሜራ የሚያቆስለው አሲድ ያለበት ፕራይመርም፣ አንቲሩጂንም እዚህ ሥራ የላቸውም፤ ዝገት የለምና። ፕራይመሩ ሲደርቅ መርፌ የወጋቸው የሚመስሉ ቀዳዳዎች በመቶዎች ብቅ አሉ። አትደንግጡ፣ የጄልኮት አየር ነው፤ ስቱኮ በምላጭ እየገፋችሁ ሙሉና በ320 አሹ። ሌላው ችግር አቧራ ነው። ፋይበር በጨርቅ በታሸ ቁጥር ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ አቧራውን ከአየር ይስባል። ወለሉን ውሃ አርከፍክፌ፣ ቦዲውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ፣ ነፋሱ ሳይነሳ በማለዳ ጨረስኩ። ቲነሩም (የቀለም ማቅጠኛው) ቀስ ብሎ የሚደርቀው ዓይነት ይሁን፤ ፈጣኑ በኛ ሙቀት ቦዲው ላይ ሳያርፍ አየር ላይ ይደርቅና እንደ አሸዋ ይሻክራል።

ክሊሩን፣ ከቀለሙ በላይ የሚነፋውን ግልጽ ቅብ፣ ራሴ አልነፋሁም። ሃርድነር ያለው ክሊር ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ፤ ተራ ጭምብል አያቆመውም፣ አንዴ የለከፈው ሰው ዕድሜ ልኩን አስም ሊይዘው ይችላል። ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያስገባ ጭምብል ያለው አንድ ቀቢ አውቃለሁ፤ እሱ ነፋልኝ። የከፈልኩት ገንዘብ አይቆጨኝም።

በጥር የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረር ደርሼ ተመለስኩ። አፍንጫዋ ላይ አራት ቦታ ጠጠር ቀለም ነቅሏል። ልቤ ደነገጠ፤ ነገር ግን በማጉያ ሳየው በዙሪያው ስንጥቅ የለም፣ የተነቀለው ቀለም ብቻ ነው። ይህ ቀላሉ ነው። በሰም ማስለቀቂያ አጽድቼ፣ ቀለም በጥርስ መፋቂያ እንጨት ጫፍ ጠብታ በጠብታ፣ በየቀኑ አንድ ድርብ፣ ለአምስት ቀን ጣልኩበት። ከጎኑ ትንሽ ከፍ ሲል ሳምንት አቆየሁትና በ2000 ቁጥር በውሃ አሽቼ በቀለም ማበሪያ ፓስታ አበራሁት። አንዱን ብቻ ቸኩዬ በሁለት ቀን ስላሸሁት ሰምጧል፤ ቀረብ ብላችሁ ካያችሁ ከግራ መብራቱ በታች ነው።

ቀኙ ፓራፋንጎ ከውስጥ ወፍራም የጎማ ቅብ ተቀብቶ፣ ከተጠገነ ወዲህ አንድም ስንጥቅ አላወጣም። በየወሩ በእጅ ባትሪ አየዋለሁ። ግራው ግን ገና ነው፤ ትናንት ሳበራበት ሁለት ነጭ ጠባሳ አገኘሁ። ከላይ እስካሁን ምንም አይታይም። የበልግ ዝናብ ሳይመጣ ልጀምረው ነው፣ የቀረኝ ማት ግን ለአንድ ድርብ አይበቃም። ሳቢያን አካባቢ ትራፊ ማት ያላችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ በምትኩ ቅዳሜ መጥቼ አብሬያችሁ አሻለሁ።