የባሕር ዛፍ ዘይት ማውጫ የምትሠሩ፣ ዲግሪውን ተዉትና ዋቱን ያዙ

ደሴ ላይ ባሕር ዛፍ የማይታይበት አቅጣጫ የለም። ጦሳን ቀና ብላችሁ ብታዩ እሱ፣ በሐረጎ ብትወርዱም እሱ። እንጨቱ ይሸጣል፣ ቅጠሉ ግን ጉንፋን መጥቶ ካልታጠንንበት ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ከዚያ ቅጠል ዘይቱን እቤት ማውጣት ይቻላል። ሰው ሲጠይቀኝ ታዲያ ሁሌ ስለ ድስቱና ስለ ቧንቧው ነው። ድስቱ ቀላል ነው፤ ራስ የሚያዞረው ማሞቂያው ነው።

ድስቱን ባጭሩ ልጨርሰው። 50 ሊትር የሚይዝ ስቴንለስ ድስት፣ ከታች 15 ሊትር ውሃ፣ ከውሃው ከፍ ብሎ የተበሳሳ ላሜራ፣ በላዩ ቅጠል። ቅጠሉ ውሃ ውስጥ አይነከርም፣ እንፋሎቱ ነው በመሀሉ የሚያልፈው። ከክዳኑ የሚወጣው ቧንቧ ተጠምዝዞ በርሜል ውሃ ውስጥ ያልፍና ጠርሙስ ላይ ያበቃል። ክዳኑን በጎማ አልዘጋም፣ የዘይቱ ተን ጎማ ይበላል። እንደ አረቄ አውጪዎቹ ዙሪያውን በሊጥ እለስነዋለሁ። ቧንቧው በቅጠል ቢደፈን እንኳ መጀመሪያ የሚለቀው ሊጡ ነው። ክዳኑን በቡሎን ጥርቅም አድርገው የሚያስሩ አሉ፤ ኧረ ይቅርባችሁ፣ ቦምብ ነው።

ለምን በእንጨት አትሠራውም ለምትሉኝ፣ የዚህ ዘይት ተን 50 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በእሳት ይያያዛል። ጠርሙሱ አጠገብ ነበልባል አልፈልግም፣ ስለዚህ በኤሌክትሪክ ነው የማሞቀው።

አሁን ወደ ዋናው። ሱቅ ሄዳችሁ ማሞቂያ መቆጣጠሪያ ስትሉ ቀድመው የሚያወጡላችሁ ቴርሞስታት ነው፣ የሞላችሁለት ዲግሪ ላይ ሲደርስ ማሞቂያውን የሚያጠፋው። ለዚህ ሥራ አይረባም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ብትሠሩት ሁለት ዲግሪ ያህል ይጨምራል። አንዴ ከፈላ በኋላ 1 ኪሎዋትም ስጡት 3፣ ዲግሪው ንቅንቅ አይልም። ቴርሞስታቱን 95 ላይ ብታደርጉት ሲያቃጥል ይውላል፣ 90 ላይ ብታደርጉት ደግሞ ጭራሽ አይፈላም። በዋቱ የሚለወጠው በሰዓት የሚወጣው የእንፋሎት መጠን ነው። አንድ ሊትር የፈላ ውሃ እንፋሎት ለማድረግ 0.63 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ 1,500 ዋት በሰዓት ከ2 ሊትር ትንሽ በለጥ ያለ ያወጣል፣ ለዚህ ድስት ይበቃል። ሰፈራችን አረቄ የሚያወጡ እትዬ አሉ፣ ዋት ምን እንደሆነ ግድ የላቸውም፣ ግን ነገሩን ከሁላችንም በላይ ያውቁታል፦ «ልጄ፣ እሳቱን አታጣድፈው» ይሉና አንዷን እንጨት ሳብ ያደርጓታል።

እኛም እንጨቷን የምንስብበት ነገር ነው የምንፈልገው። ትሪያክ ያለው መቆጣጠሪያ አለ፣ እንደ መብራት ማደብዘዣ ቁልፉን እያዞሩ ማሳነስ ነው። ጥሩ ነው፣ ግን 3,000 ዋት፣ ማለትም 13 አምፔር ገደማ፣ ሲያልፍበት በደንብ ስለሚግል ወፍራም አሉሚኒየም ላይ ካልታሰረ ቶሎ ይቃጠላል። ሲቃጠል ደግሞ ብዙ ጊዜ ማሞቂያውን እንደበራ ነው ጥሎት የሚሄደው። በዚያ ላይ ሳጥኑ ላይ 40 አምፔር ተብሎ የተጻፈውን ሁሉ አትመኑ።

እኔ የምመክረው ሁለት ባለ 1,500 ዋት ኤለመንት (ውሃው ውስጥ የሚገባው ማሞቂያ) ነው። ጎን ለጎን ሲገናኙ 3,000 ዋት፣ አንዱ ብቻ ሲበራ 1,500፣ ተከታትለው አንድ መስመር ላይ ሲገናኙ 750። ሦስት ደረጃ በማቀያየሪያ ብቻ፣ የሚቃጠል ኤሌክትሮኒክስ የለበትም። በ3,000 ታፈላላችሁ፣ ግማሽ ሰዓት አለፍ ቢል ነው። የመጀመሪያው ጠብታ ሲመጣ ወደ 1,500 ታወርዳላችሁ። መብራቱን ሳታጠፉ ግን አትቀያይሩ፣ ገመዱንም ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። ለብቻው የተሳበ መስመር፣ 16 አምፔር ብሬከር፣ ድስቱ ላይ የታሰረ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ ገመድ)። ኧርዝ ከሌለ ባትጀምሩት ይሻላል። ኤለመንቱም ሁሌ ውሃ ውስጥ ይሁን፣ ደርቆ ከበራ አለቀለት።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ የሰፈር ኃይል ማታ ላይ ሲደክም። ሁሉም ምጣድ ጥዶ ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ 3,000 ያላችሁት 2,000 ዋት ይሆናል። ዕቃው አልተበላሸም፣ አብሽሩ። የቮልት ማሳያ ገዝታችሁ ብትሰኩ ግራ ከመጋባት ትድናላችሁ።

ውሃ በፈረቃ ለምናገኝ ሰዎች ማቀዝቀዣው ያሳስባል፣ ግን ቧንቧ ከፍቶ ማፍሰስ አያስፈልግም። 200 ሊትር በርሜል በ1,500 ዋት በሰዓት የሚሞቀው 6 ወይም 7 ዲግሪ ነው። ለሁለት ሦስት ሰዓት ሥራ ይበቃል፣ በደሴ ብርድማ ማታውን ራሱ ይቀዘቅዝላችኋል።

ዘይቱ ከውሃ ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል። ከ5 ኪሎ እርጥብ ቅጠል አንድ የቡና ሲኒ ካልሞላ አትደንግጡ፣ ልኩ እንደዚያ ነው። ጠቆር ያለ ጠርሙስ ውስጥ አድርጉትና ልጆች የማይደርሱበት አስቀምጡት፤ አይጠጣም፣ ጥቂቱም ሕፃን ይመርዛል። ጉንፋን ያዘው ብላችሁም የሕፃን አፍንጫ አጠገብ እንዳትቀቡት።