የዘገየው ቡጢ፦ የድሮ የአርኬድ ጨዋታዎችን ቤቴ ለመጫወት ያየሁት ፍዳ

በየጌም ቤቱ በሳንቲም ይሠሩ የነበሩትን የድሮ የአርኬድ ጨዋታዎች አጠራቅሞ የያዘ ሲዲ ገዝቶ ቤቱ መጫወት ያማረው ወዳጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ዋጋውን ነው። መጠየቅ የነበረበት ግን ቴሌቪዥኑን የሸጠለት ሰው ሲያስረክበው በምን ሁኔታ ላይ እንደተወው ነው። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ባለመኖሩ ክረምቱን ሙሉ ለጆይስቲክ ጠጋኝ ስገብር ከረምኩ፤ የምጽፈውም ሌላው ሰው ያንን ገንዘብ ለልጆቹ ደብተር እንዲያውለው ነው።

መሣሪያውን ማግኘት አላስቸገረኝም። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ስለሆነ መገናኛ ወርጄ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ገዛሁ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል፣ በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን ከአሜሪካ የመጣውን ዕቃ ያለ ትራንስፎርመር ሰክቶ የማቃጠል ጣጣ የለበትም። የጨዋታ ሲዲዎቹም በአገር የተከለሉ አይደሉም፤ የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ያመጣችልኝ ሲዲ ያለ ምንም ማንገራገር ሠራ።

ሲዲው የጃፓኑ ጨዋታ ሠሪ ካፕኮም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ያወጣው፣ ስትሪት ፋይተር የተባለው የድብድብ ጨዋታ የሠላሳኛ ዓመት ስብስብ ነው። ከ1987ቱ የመጀመሪያ ጨዋታ አንሥቶ በ1999 እስከወጣው ሰርድ ስትራይክ ድረስ 12 ጨዋታዎችን ይዟል፤ ሁሉም በሳንቲም ይሠሩ በነበሩት ትልልቅ ማሽኖች ላይ የነበሩት ናቸው እንጂ ለቤት ተብለው የተቀነሱት ቅጂዎች አይደሉም። እኔ ያደግሁት ኮተቤ በነበረ አንድ ጌም ቤት፣ ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ ተነሥቶ ጆይስቲኩን ለተረኛ ይሰጣል በሚል ሕግ ነው። በዚያ ሕግ ውስጥ ጋይል የሚባለውን ተፋላሚ ይዤ ብዙ ሰው አስነሥቻለሁና፣ ቤቴ ተቀምጬ በኮምፒውተሩ መሸነፌን በጸጋ የምቀበልበት ምክንያት አልነበረም።

ተሸነፍኩ እንጂ። የጋይል የአየር ምት የሚወጣው ወደ ኋላ ጥቂት ይዞ ቆይቶ፣ በድንገት ወደ ፊት ገፍቶ ቡጢ በመምታት ነው። እጄ ይህን ሳያስብበት ይሠራዋል። አሁን ግን ቁልፉን ከተጫንኩ በኋላ ሰውዬው የሆነ ነገር ሊያስታውስ እንደሚሞክር ሰው ቆም ይልና ነው የሚወረውረው። ተቃራኒው ሲዘልልኝ አይቼ የምመታው ምት እኔ ወድቄ ካበቃሁ በኋላ የሚመጣ ይመስላል። የሚያናድደው፣ የወንድሜ ልጅ በዚያው መሣሪያ ኳስ ሲጫወት አንድም ቀን ቅሬታ አቅርቦ አለማወቁ ነው።

ወደ ጠጋኙ የሄድኩት በዚህ ጊዜ ነው። ጠጋኙ ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት በአንዲት ጠባብ ሱቅ የሚሠራ፣ እጁ ፈጣን፣ አፉም ከእጁ የማይተናነስ ሰው ነው። ጆይስቲኩን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገና «ወንድሜ፣ ይሄ ደክሟል» አለኝ። ፈታው፣ በአልኮል ጠረገው፣ ከጎኑ ባለችው ትንሽዬ የኮምፒውተር ሞኒተር ላይ ሰክቶ አሳየኝ። የአየር ምቱ ልክ እንደ ልጅነቴ ወጣ። ከፍዬ ቤቴ ገባሁ፤ ቤቴ ግን ያው ነው። ተመልሼ ስሄድ ውስጡ ያለው ላስቲክ ማለቁን ነገረኝና ቀየረው፤ ሱቁ ውስጥ ሠራ፣ ቤቴ አልሠራም። ቀጥሎ ሌላ ጆይስቲክ ሸጠልኝ፤ እሱም እዚያ ሠርቶ እዚህ እንቢ አለ። በኋላም ሲዲውን ወደ ብርሃን አንሥቶ እያገላበጠ «የቆየ ጌም ስለሆነ ነው፣ አዲሱ ማሽን አይሸከመውም» እስከማለት ደረሰ። በ1991 የወጣውን የጋይልን ጨዋታ ፕሌይስቴሽን 4 አይሸከመውም ብሎ መናገር፣ ሲኖትራክ አንድ ኩንታል ጤፍ ከበደው እንደማለት ነው።

በመጨረሻ፣ ብሎን ከመፍታቱ በፊት እንዳመጣሁት ሰክቶ እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ምንም ሳይነካው፣ በዚያች ሞኒተር ላይ ምቱ አንድም ሳይስት ወጣ። ዕቃው ከመጀመሪያውም ጤነኛ እንደነበረ፣ ሲያስከፍለኝ የከረመውም ጤነኛ ዕቃ ፈትቶ በመግጠም እንደነበረ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ገባን። እሱ ግን አልደነገጠም፤ «እንግዲያው የሰፈራችሁ መብራት ነው» አለኝ። አባዶ መብራት አይጠፋም ብዬ አልዋሽም፤ ነገር ግን መብራት ወይ ይኖራል ወይ ይጠፋል እንጂ የጋይልን ቡጢ ለይቶ አያዘገይም።

ነገሩ ያለው ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። እነዚህ ጨዋታዎች የተሠሩት ምስሉ እንደደረሰ ወዲያው ለሚስለው ባለ ካቶድ ቱቦ ስክሪን ነው፤ በመካከል የሚጠብቅ ነገር ስላልነበረ ሠሪዎቹ መዘግየትን ከሂሳብ አላስገቡም። የዛሬው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ግን የመጣለትን ምስል ያዝ ያደርግና ያጎላዋል፣ ቀለሙን ያደምቃል፣ እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚያሳየን። የጠጋኙ ሞኒተር ይህን ሁሉ ስለማያደርግ ነው እዚያ የሠራው። ለፊልምና ለዜና ይህ መዘግየት አይታወቅም፣ ድምፁንም አብሮ ያዘገየዋልና። ጨዋታው ግን በሰከንድ 60 ያህል ምስል ነው የሚያወጣው፤ አንዱ ምስል ወደ 17 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይቆያል። ቴሌቪዥኑ 100 ሚሊ ሰከንድ ቢያዘገይ እኔ የማየው ከስድስት ምስል በፊት የሆነውን ነው ማለት ነው፤ ኳስ ላይ ብዙም የማይታወቀው ይህ ክፍተት፣ ስትሪት ፋይተር ላይ መትቶ በመዳንና ተመትቶ በመውደቅ መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ ነው።

መፍትሔው «ጌም ሞድ» የሚባል ማስተካከያ ነው፤ ሲበራ ቴሌቪዥኑ ያን ሁሉ ማሳመር ይተዋል። እኔ ምስል በሚለው ክፍል ውስጥ ስፈልገው ቆይቼ ያገኘሁት «አጠቃላይ» ከሚለው ሥር፣ ከውጭ ስለሚሰኩ ዕቃዎች በሚናገረው ንዑስ ክፍል ውስጥ ተቀብሮ ነው። አበራሁት፤ ምቱ ወጣ፤ እየጮህኩ ባለቤቴን ጠራኋት። እሷ ከማእድ ቤት እስክትመጣ ድረስ ምስሉ ተመልሶ ደመቀ፣ ጋይልም ተመልሶ ማሰብ ጀመረ።

በዚህ ላይ ያለኝ ቂም ዛሬም አልበረደም። ቴሌቪዥኑን የሸጠልኝ ነጋዴ ሲያስረክበኝ በሱቅ ማሳያ ሞድ ላይ እንዳለ ነው ያስረከበኝ። ይህ ሞድ ቴሌቪዥኑ በሱቅ መብራት ውስጥ ከጎረቤቶቹ ሁሉ ደምቆ እንዲታይ የተሠራ ሲሆን፣ አላፊ አግዳሚ ማስተካከያውን ቢነካካው እንኳ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱን ወደ ነበረበት ይመልሳል። ነጋዴውን ደውዬ ብጠይቀው «እንዲያምርሎት ብዬ ነው» አለኝ። ቴሌቪዥን ገዝታችሁ ከሱቅ ከመውጣታችሁ በፊት «ሆም ሞድ» ላይ እንዲያደርግላችሁ፣ ዓይናችሁ እያየ፣ አስደርጉት። ጌም ሞድ የሌለው ቴሌቪዥን ካላችሁ ደግሞ መሣሪያው የተሰካበትን የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ስም ወደ «ፒሲ» ቀይሩት፤ በአንዳንዶቹ ላይ ተመሳሳይ ውጤት ያመጣል።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። ምስሉን ስክሪኑን እንዲሞላ መለጠጥ ኃጢአት ነው፤ የተሳለው 4 ለ 3 ለሆነ ስክሪን ነውና ሲለጠጥ ሪዩ የሚባለው ተፋላሚ የሠርግ ድግስ ላይ የከረመ ይመስላል። የድሮ ቴሌቪዥን ለማስመሰል የሚጨመሩትን ጥቁር መስመሮች ሰዎች ያደንቋቸዋል፤ እኔ ግን ምስሉን ከማጨለም በቀር ጥቅማቸው አልታየኝም። መሣሪያውን በማሳረፊያ ሞድ አሳድሩት የሚለውን ምክር ሰፈራቸው መብራት የማይጠፋ ሰዎች ይከተሉት፤ እኔ ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ ከስታቢላይዘሩ እነቅለዋለሁ። በኢንተርኔት የመጫወት ነገርም ሽፋኑ ላይ ጎልቶ ይጻፍ እንጂ ከ12ቱ ጨዋታዎች ለአራቱ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ከቴሌቪዥኑ መዘግየት አምልጣችሁ ወደ ኔትዎርኩ መዘግየት ከምትገቡ ጎረቤት ጠርታችሁ ተጫወቱ። ሳንቲሙ ደግሞ በአንድ ቁልፍ ያለ ገደብ ይጨመራል፤ እኔ ለራሴ አንዴ ስቀመጥ አንድ ሳንቲም ብቻ እፈቅዳለሁ፣ ያለዚያ መሸነፍ ምንም አያስከፍልምና ጨዋታው ቶሎ ይሰለቻል።

ቴሌቪዥኑን ካስተካከላችሁ በኋላ ደግሞ በ1987ቱ ጨዋታ አትፈትኑት። ቀድሞ ስለተዘረዘረ ሰው ሁሉ በእሱ ይጀምራል፤ የዚያ ጨዋታ ልዩ ምቶች ግን በጤነኛ ማሽን ላይም በመከራ የሚወጡ ስለሆኑ መዘግየቱ ያልለቀቃችሁ ይመስላችኋል። ከስብስቡ ሃይፐር ፋይቲንግ በሚባለው ጀምሩ፤ እሱ ላይ እጃችሁ ያዘዘው ካልመጣ፣ ቴሌቪዥኑ ወደ ሱቅ ሞድ ተመልሶ እንደሆነ እዩ እንጂ ጆይስቲኩን አታስፈቱ።