ራሱን የሚሠራ የካርታ ትሪክ የት ላይ ይበላሻል?

የእጅ ቅልጥፍና የማይጠይቁ የካርታ ትሪኮች አሉ። ካርታ በመዳፍ መደበቅ፣ ከእጅጌ ማውጣት የሚባል ነገር የለባቸውም። ካርታዎቹ በተወሰነ ቅደም ተከተል ይደረደራሉ ወይም በተወሰነ ቁጥር ይቆጠራሉ፤ ውጤቱን የሚያመጣው ሒሳቡ ነው። የምትሃት መጻሕፍት «ራሳቸውን የሚሠሩ» ይሏቸዋል። በዚህ ስም የተታለለ ጀማሪ ልምምድ የማያስፈልጋቸው ይመስለዋል። ሒሳቡ አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው ሰው ነው፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ካርታውን የያዘው ተመልካች። ስለዚህ አዲስ ትሪክ ከመጽሐፍ ስትማሩ መጀመሪያ የሚበላሽበትን ቦታ ፈልጉ። እያንዳንዱ ትሪክ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ቦታ አለው፣ መጽሐፉ ግን ሁልጊዜ አይነግራችሁም።

ካርታ ሳትይዙ መጽሐፉን ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው። እዚህ ባሕር ዳር ብዙ ሰው የሚያነበው በስልኩ ፒዲኤፍ ስለሆነ ደግሞ አንድ እጅ ስክሪን ሲገፋ ሌላው ካርታ ይበትናል። ደረጃዎቹን በአማርኛ፣ በአጭሩ፣ ግማሽ ወረቀት ላይ ገልብጡና ስልኩን አስቀምጡት። ከዚያ ከአስ እስከ 10 ያሉትን ካርታዎች በተራ ደርድሩና አሠራሩን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አሂዱት። ሲያልቅ ቅደም ተከተላቸውን ስታዩ የትኛው ካርታ ከየት ወዴት እንደሄደ ወለል ብሎ ይታያል። ጀማሪን በብዛት የሚያሳስተው «ከላይ» የሚለው ቃል ነው። ካርታው ተደፍቶ ሲያዝ ላይ የነበረው፣ ተገልጦ ሲያዝ ታች ይሆናል፤ ስለዚህ በማስታወሻችሁ ላይ ሁልጊዜ «ተደፍቶ» ወይም «ተገልጦ» ብላችሁ ጻፉ።

ከውጭ መጻሕፍት ውስጥ እንዳለ የማይሠራው የፊደል ቆጠራ ትሪክ ነው። የካርታው ስም በአንድ ፊደል አንድ ካርታ እየተባለ ይቆጠርና በመጨረሻው ፊደል ላይ ራሱ ካርታው ይወጣል። አደራደሩ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ፊደላት ስለሆነ ለእኛ አይሆንም። ግን ትሪኩን ለመጣል ምክንያት አይደለም፤ እንዲያውም የአማርኛ ቁጥሮች ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸው። ከአንድ እስከ አስር ያሉት ስሞች ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ፊደል ብቻ ናቸው፦ አምስት፣ ስድስትና ስምንት አራት አራት፣ የቀሩት ሁሉ ሦስት ሦስት።

አደራደሩ ይኸው። ካርታዎቹ ተደፍተው፣ ከላይ ወደ ታች፦ 7፣ 4፣ አስ፣ 8፣ 6፣ 2፣ 9፣ 5፣ 3፣ 10። ክምሩን በእጃችሁ ያዙ። «አ» ስትሉ የላይኛውን ካርታ ወደ ታች አዙሩ፣ «ን» ስትሉ ቀጣዩን ወደ ታች፣ «ድ» ስትሉ ሦስተኛውን ገልጣችሁ ጠረጴዛ ላይ አኑሩ፤ አስ ነው። ቀጥሎ «ሁ፣ ለ፣ ት» ሲባል 2 ይወጣል። እንዲህ እያለ እስከ 9 ይሄዳል፤ በመጨረሻ እጃችሁ ላይ የቀረችው አንዲት ካርታ 10 ናት። የመጨረሻው ፊደል ካርታ ወደ ታች አይዞርም፣ ይገለጣል፤ ይህን የረሳ ሰው ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምሮ ይሳሳታል።

ትሪኩን የሚያበላሸው አቆጣጠሩ ነው። ተመልካች ራሱ ይቁጠር ካላችሁት በጆሮው ይቆጥራል፤ «አም-ስት» ብሎ ለሁለት፣ «ስም-ንት» ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል። በጽሑፍ እንዳለው ፊደል በፊደል እንዲሆን ስሙን ወረቀት ላይ አስጽፉትና በእያንዳንዱ ፊደል ላይ ጣቱን እያሳረፈ ይሂድ። ከፊደል ገበታ ጋር ገና የሚታገሉ ልጆች ባሉበት ቤት ይህ እንዲያውም ለትሪኩ ውበት ይጨምራል።

ሌላ ስም ለመጠቀም፣ ለምሳሌ የልጆችን ወይም የሐይቁን ገዳማት ስም ለማድረግ፣ አደራደሩን ከኋላ ጀምራችሁ ትሠራላችሁ። መጨረሻ የሚወጣውን ካርታ ያዙ። ከእሱ በፊት የሚወጣውን በላዩ አስቀምጡ፤ ከዚያ የዚያን ስም የፊደል ብዛት ቆጥራችሁ አንድ ቀንሱና ያንኑ ያህል ካርታ፣ አንድ በአንድ፣ ከታች እያወጣችሁ ወደ ላይ አምጡ። ለዘጠኝ 2 ጊዜ፣ ለስምንት 3 ጊዜ ማለት ነው። እንዲህ እያላችሁ እስከ መጀመሪያው ስም ሂዱ። የቱንም ያህል ስም ቢሆን ይሠራል።

ካርታ ያየ ሽማግሌ ቁማር ነው የሚያስበው፣ አይፈረድበትም። በቡና ላይ፣ በአቦልና በቶና መካከል፣ ይህንኑ ትሪክ ከካርቶን በተቆረጡ 10 ቁራጮች ላይ ቁጥር ጽፎ ማሳየት ይቻላል፤ ሒሳቡ ካርታ ይሁን ካርቶን አይለይም። «መተት ነው» የሚል ከመጣም አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ሬጂናልድ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1584 ባሳተመው ጥንቆላን በሚተች መጽሐፉ ውስጥ የካርታና የሳንቲም ትሪኮችን አሠራር ጭምር ገልጦ የጻፈው፣ እነዚህ ነገሮች የሰው ብልሃት እንጂ የሰይጣን ሥራ እንዳልሆኑ ለማሳየት ነበር።

ስለ ካርታው ራሱ ጥቂት ልበል። ለኮንከር ሲያገለግል የከረመ ካርታ ለዚህ አይሆንም፤ ጥጉ ተጣጥፏል፣ ብዙ ጊዜም አንድ ሁለት ጎድሎታል። ጆከሮቹን አውጥታችሁ 52 መሆኑን ቁጠሩ። የወረቀት ካርታ በክረምት የሐይቁን እርጥበት ይስባል፤ ይቆለመማል፣ ሁለቱ እንደ አንድ ተጣብቆ ይቆጠራል። በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከከባድ መጽሐፍ ሥር አስቀምጡት። የፕላስቲክ ካርታ እርጥበት አይስብም፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፣ ግን ያዳልጣል። ጣና ዳር አሳ ጥብስ ከተበላ በኋላ ሁሉም እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ካርታ አይነካ፤ የዘይት ጣት ቆጠራ ያበላሻል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ካርታ ዘርግቶ የሚሠራ ትሪክ ውጭ አትሞክሩ። የፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ጋቢ እጥፍ አድርጎ ማንጠፍ ካርታውን ከመንሸራተት ያድናል፣ በጣት ለማንሳትም ያቀላል።

መብራት ሲጠፋ የሚሆን አንድ አለ። ተመልካቹ 10 ካርታ ቆጥሮ ይገልጥና ከተደፉት 42 ጋር ይቀላቅል፤ እንዳሻው ይበውዝ። እናንተ በጨለማ፣ ወይም ከጠረጴዛ ሥር፣ ከላይ 10 ካርታ ትቆጥራላችሁ፤ እነዚያን 10 በአንድነት ትገለብጣላችሁ። መብራት ሲመጣ በሁለቱም ክምር ውስጥ የተገለጡት ቁጥር እኩል ነው። በቆጠራችኋቸው 10 ውስጥ 3 የተገለጡ ቢኖሩ፣ በሌላው ክምር 7 ቀርተዋል ማለት ነው፤ 10ሩን ስትገለብጡ 3ቱ ይደፋሉ፣ 7ቱ ይገለጣሉ። ቁጥሩ የግድ 10 መሆን የለበትም፤ ተመልካቹ 12 ካለ እናንተም 12 ትቆጥራላችሁ። የሚበላሸው በቆጠራችሁ ብቻ ነው፣ አለዚያም ተመልካቹ ሲበውዝ ግማሹን ክምር ገልብጦ ከመለሰ። «ስትበውዝ እንዳትገለብጠው» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት።

አስቀድሞ የተጻፈ ትንቢት ለምትፈልጉ፦ የተነበያችሁትን ካርታ ከላይ 10ኛ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ተመልካቹ ለምሳሌ 16 ቢል፣ 16 ካርታ አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይደርድር፣ 1ና 6ን ይደምር፣ ከዚያው ከደረደረው ክምር ላይ 7 ይቁጠር። ሰባተኛው የእናንተው ካርታ ነው። መጻሕፍት «ከ10 እስከ 20 አንድ ቁጥር» ይላሉ፤ 20 የተባለ ቀን ግን ትሪኩ ይሞታል፣ 19ኛው ካርታ ነውና የሚወጣው። «አንድ አስራ ምናምን ቁጥር ጥራ» በሉት፤ ሃያ የሚል አይኖርም። ሦስት ሦስት እያደረገ የሚገፋ ተመልካችም ያበላሻል፤ ቅደም ተከተሉ የሚገለበጠው ካርታዎቹ አንድ በአንድ ሲወርዱ ብቻ ነው።

ሁሉም የሚያውቀው የ21 ካርታ ትሪክ፣ ሦስት ረድፍ፣ ሦስት ጊዜ እደላ፣ 11ኛው ካርታ፣ ሰልችቷል። በእሱ ፈንታ 27 ካርታ ያዙ። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሰው ጄርጎን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመረመረው ዓይነት ሲሆን፣ ልዩነቱ ካርታው ተመልካቹ በጠራው ቁጥር ላይ መውጣቱ ነው። ተመልካቹ አንድ ካርታ በልቡ ይይዛል፣ ከ1 እስከ 27 አንድ ቁጥርም ይጠራል። ካርታዎቹን እየገለጣችሁ በሦስት ክምር፣ አንድ እዚህ አንድ እዚያ እያላችሁ፣ ዘጠኝ ዘጠኝ ታድላላችሁ፤ ካርታው ያለበትን ክምር ይጠቁማችኋል። ሰብስባችሁ ትደፉና እንደገና፣ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ።

ምሥጢሩ የተጠቆመውን ክምር ከሁለቱ ጋር የት እንደምታስቀምጡት ነው። ከጠራው ቁጥር 1 ቀንሱ። የቀረውን በ9 ክፈሉ፤ ድርሻው የሦስተኛው እደላ ነው። ቀሪውን በ3 ክፈሉ፤ ድርሻው የሁለተኛው፣ መጨረሻ የተረፈው የመጀመሪያው እደላ ነው። 0 ላይ፣ 1 መሐል፣ 2 ታች ማለት ነው። 20 ቢል፦ 19 ይቀራል፣ በ9 ሲካፈል 2 ይደርስና 1 ይተርፋል፤ 1 በ3 ሲካፈል 0 ይደርስና 1 ይተርፋል። ስለዚህ መጀመሪያ መሐል፣ ቀጥሎ ላይ፣ በመጨረሻ ታች። ካርታውን ደፍታችሁ ከላይ ስትቆጥሩ 20ኛው ላይ ይወጣል።

ሁለት ነገር ያሳስታል። ስሌቱ የሚገኘው ከትልቁ ወደ ትንሹ ሲሆን የሚሠራበት ግን ከትንሹ ጀምሮ ነው። ሁለተኛው፣ ክምሮቹን ስትሰበስቡ የተገለጡ ናቸው፤ ሲደፉ «ላይ» የሚሆነው ክምር መጀመሪያ ያነሳችሁትና ከሥር የያዛችሁት ነው። ለዚህ ትሪክ ተመልካቹ ካርታውን እንዳይረሳ ወረቀት ላይ ቢጽፈው ይሻላል። ሦስት እደላ ረጅም ነው፣ ወሬ ካልጨመራችሁበትም ይሰለቻል።

የመጨረሻው ለእኔ ከሁሉም የላቀው ነው፤ አሜሪካዊው ኖርማን ጊልብሬዝ እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው መርሕ። ካርታውን ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ጥቁር አድርጋችሁ ሁሉንም 52 ደርድሩ። ለሁለት ተከፍሎ፣ የአንዱ ክምር ቅደም ተከተል ተገልብጦ፣ ጥጉና ጥጉ እየተጠላለፈ ከተበወዘ በኋላ እንኳ፣ ከላይ ሁለት ሁለት ስታወጡ እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ቀይና አንድ ጥቁር ነው። ጣጣው እዚህ አገር አብዛኛው ሰው የሚበውዘው ከእጅ ወደ እጅ እፍኝ እፍኝ እያሻገረ መሆኑ ነው፤ ያ አበዋወዝ ይህን ትሪክ ያፈርሰዋል። መፍትሔው «በውዝ» የሚለውን ትእዛዝ መተው ነው። ከላይ 25 ገደማ ካርታ አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲደረድር አድርጉት፤ ልክ ቁጥሩ ግድ የለም። ከዚያ የተደረደረውንና የቀረውን ሁለት ክምር ፊት ለፊት አድርጎ አንዱን በሌላው ውስጥ እየገፋ ያስገባ። የቱንም ያህል ቢያንጋድደው፣ አምስት ካርታ በአንድ ላይ ቢገባ እንኳ፣ በየክምሩ ያለው ቅደም ተከተል እስካልተናጋ ድረስ ይሠራል። አንድ በአንድ ማስደርደሩ የግድ ነው፤ ቅደም ተከተሉን የሚገለብጠው እሱ ነው። ከገባ በኋላ ካርታውን መቁረጥ ከፈለገ እሺ አትበሉት፤ ጥንዶቹን መሐል ለመሐል ሊለያቸው ይችላል።

ካርታውን ከጠረጴዛ ሥር ያዙና ቀለሙን በጣት የምትለዩ አስመስላችሁ ሁለት ሁለት እያወጣችሁ አሳዩ። ሁለት ቀይ አብረው ከወጡ ወይ ስትደረድሩ ተሳስታችኋል፣ ወይ እፍኝ ካርታ ከቦታው ተነስቶ ሌላ ቦታ ገብቷል። 26 ጥንድ አለ፤ ከ8 ወይም ከ9 በላይ ግን አታውጡ፣ ሰው ሥርዓቱን ማየት ይጀምራል። የቀረውን በውዛችሁ ለኮንከር ስጧቸው።