ጥፋቱ የነበረው ከፍ ባለው ጎን ነው

አሮጌዋ መኪናዬ በመጨረሻ ቀጥ ብላ ቆማለች። ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው። ከፊት ወደ ግራ አዘንብላ ነበር የምትቆመው። በግራና በቀኝ መካከል የ24 ሚሊሜትር ልዩነት ነበር። አሁን 5 ደርሷል።

የመጀመሪያዎቹን ነገሮች ሁላችሁም ስለምታውቋቸው በአጭሩ ልለፋቸው። የጎማ አየር እኩል አደረግሁ፣ ዕቃ አወረድኩ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ አቆምኳት። ከዚያ ወደፊትና ወደኋላ ትንሽ አንቀሳቅሼ፣ ፊቷን ጫን ጫን አድርጌ ለካሁ። የምለካው ከቸርኬው መሃል ከጎማው በላይ እስካለው ሽፋን፣ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ነው። ከመሬት ከለካችሁ የጎማ ማለቅ ልኩን ያዛባዋል። አሮጌ መኪና ላይ ደግሞ ፓራፋንጎው ተገጭቶ የተጠገነ ሊሆን ስለሚችል፣ ከሥር ቻሲው ላይ በሁለቱም በኩል ያለውን አንድ ዓይነት ቀዳዳ ይዤ ደግሜ አረጋገጥኩ።

ቀጥሎ ችግሩ ከፊት ይሁን ከኋላ መለየት ነበር። የኋላውን ዲፈረንሻል (ኃይልን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን) መሃሉ ላይ በክሪክ አነሳሁት። እንዲህ ሲደረግ የኋላ ባሌስትራዎች (ጠፍጣፋ፣ የተደራረቡ ሞላዎች) መኪናዋን ወደ አንድ ጎን መግፋታቸው በጣም ይቀንሳል። ፊቷ ያኔ ከተስተካከለ ጥፋቱ ከኋላ ነው። የእኔዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። ስለዚህ ከፊት ነው።

ሾክ ቀይር ያላለኝ ሰው የለም። እዚህ ላይ አቋሜ አይለወጥም፤ ሾክ ክብደት አይሸከምም። ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው ነው። ሾክ ሥራው የሞላውን ንጥረት ማብረድ ነው። ጋዝ ያለበት ሾክ በጥቂቱ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ያዘነበለ መኪና ግን አያቃናም።

ሞላዎቹን ግን በጥንድ አስቀየርኳቸው። አንዱን ብቻ መቀየር አዲስ መንጋደድ መግዛት ነው። ሥራውን ለባለሙያ ሰጠሁ። የታመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል፤ እፈራዋለሁ፤ ፍርሃቴንም አላፍርበትም። ልዩነቱ ወደ 19 ብቻ ወረደ። ያኔ በጣም ተበሳጨሁ።

ለካስ ሁላችንም የምናየው ዝቅ ያለውን ግራ ጎን ብቻ ነበር። መብራት ይዤ ከሥር ገባሁና ቀኙን አየሁት። የታችኛው ብራቾ (ጎማውን ከቻሲው ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ጎሚኒ፣ ማለትም መጋጠሚያው ላይ ያለው ላስቲክ፣ ከግራው አዲስ ነው። እኔ ሳልገዛት በፊት አንድ ሰው ቀይሮታል። ላስቲኩ ዳር ላይ እንደተጨመቀ ጨርቅ ተጠምዝዟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህ ዓይነቱ ጎሚኒ ላስቲኩ ከውስጥም ከውጭም ከብረት ጋር የተጣበቀ ነው። ቡሎኑ ሲጠብቅ የውስጡ ብረት ከቻሲው ጋር ይያዛል። ብራቾው ሲወጣና ሲወርድ የውስጡ ብረት አይሽከረከርም፤ ላስቲኩ ነው የሚጠመዘዘው። ስለዚህ ቡሎኑ መጥበቅ ያለበት መኪናዋ በጎማዋ ቆማ፣ በተለመደው ከፍታዋ ላይ ሳለች ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎኑ ከጠበቀ፣ መኪናዋ ስትወርድ ላስቲኩ ይጠመዘዝና እንደ ተጨማሪ ሞላ ሆኖ ወደ ላይ ይገፋታል። ያ ጎን ከፍ ይላል። ላስቲኩም ቶሎ ይቀደዳል።

መኪናዋን መወጣጫ ላይ አወጣኋት፤ የእጅ ፍሬን ያዝኩ፣ የኋላ ጎማዎቹን በጉማጅ እንጨት ደገፍኩ። ክሪክ ብቻ ተማምኖ ከሥር መግባት በፍጹም አይደረግም። ቡሎኖቹን አላወጣኋቸውም፤ ዳዷቸውን ላላ ብቻ አደረግሁ። የቀኙ ሲላላ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወጥቼ ፊቷን ጫን ጫን ሳደርገው ቀኙ ዝቅ አለ። የግራውንም በዚያው መንገድ አላልቼ ሁለቱን በአምራቹ ልክ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) አጠበቅሁ። ለካሁ፤ 5 ሚሊሜትር።

እኔ ብሆን ከእንግዲህ ሞላ ከመግዛቴ በፊት ይህን አደርጋለሁ፤ ቁልፍና ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው። የስታቢላይዘሩን (መኪናዋ ኩርባ ላይ እንዳታዘነብል የሚይዘውን ብረት) ሊንክ፣ ማለትም ማገናኛውንም በአንድ በኩል ፈትቶ ማየት ጥሩ ነው ይባላል፤ እኔ አልፈታሁትም፤ ስለዚህ ብዙ አልልም። የቀረችውን 5 ሚሊሜትር ላሳድዳት አስቤ ተውኩት። የሾፌር መቀመጥ ብቻውን እንኳ ልኩን ይለውጠዋል።

ከፍታ ከተነካ ግን የጎማ አላይመንትና የፊት መብራት መስተካከል ግድ ነው። እኔ አላይመንቱን አስደርጌያለሁ፤ መብራቱ ይቀረኛል። የቀኙ ጎሚኒ ሥሩ መሰንጠቅ ስለጀመረ ሁለቱንም በጥንድ እቀይራለሁ። አዲሶቹ ሞላዎችም ጥቂት ከነዳኋቸው በኋላ ትንሽ ይረግባሉ፤ ያኔ እንደገና እለካለሁ።