የጋሼ ካርቶን

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ድብት ብሎኝ ነው የዋለው። ዝናቡም አላባራ አለ። ያቺ የማታ ፈረቃ ልጅ ያዋሰችኝን ሸክላ ልመልስላት ተነስቼ፣ ሽፋኑን ሳገላብጥ እዚያው ሶፋው ላይ ቀረሁ።

ሽፋኑ ላይ የተነባበሩ ሁለት ቡጢዎች አሉ፤ በየመዳፉ ጀርባ ትልቅ የኤክስ ምልክት በጥቁር ቀለም ተስሏል። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ሙዚቃውን ለማየት ሲገባ መጠጥ እንዳይሸጥለት የሚደረግ ምልክት ነው። ሸክላውን የሠሩት ባንዶች ቲን አይድልስ ይባላሉ፣ የዚሁ የዋሽንግተን ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 ባንዱ ሲበተን፣ ከየመድረኩ ያጠራቀሟትን ብር ተካፍለው መለያየት ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ሸክላ አሳተሙባት። ዲስኮርድ የሚባለው የፓንክ፣ ማለትም የዚያ ፈጣንና ጩኸታም ሮክ፣ ሙዚቃ ቤት እንዲህ ተወለደ። የባንዱ አባል ኢያን ማኬይና ጓደኞቹ ሽፋኑን ራሳቸው ቆርጠው፣ አጥፈው፣ በሙጫ ለጥፈው፣ ከሽያጩ የተገኘውን ደግሞ ለጓደኞቻቸው ባንድ ማሳተሚያ አዋሉት። ውል አያስፈርሙም። የሚያሳትሙትም የዚህን ከተማ ልጆች ነው።

እኔን የሚያስቀናኝ ግን ማስቀመጣቸው ነው። ፉጋዚ የሚባለው የማኬይ የኋላ ባንድ ከ800 በላይ መድረኮቹን በቴፕ አስቀርቷል። የከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የፓንኩን በራሪ ወረቀትና ካሴት እየሰበሰበ ያስቀምጣል። ለጩኸታቸው ቦታ አላቸው!

የኛስ? እነዚያ ልጆች ይጫወቱበት የነበረው የአዳምስ ሞርጋን ሰፈሩ 18ኛ መንገድ እኮ የኛም ምግብ ቤቶች የተከፈቱበት ነው። ደፋርም አጥተን አናውቅም። ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አዲስ አበባ ላይ፣ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነው እየተባለ፣ የዓለማየሁ እሸቴን ሙዚቃ ውጭ አሳትሞ አመጣ። በኋላ ተሰዶ የመጣውም እዚሁ ዋሽንግተን ነው። እሱ ያሳተማቸው ሸክላዎች ዛሬም ይደመጣሉ። እዚህ በስደት፣ ከክትፎና ከቢራ መሀል፣ ሌሊቱን ሙሉ የተዘፈነው ግን የት ገባ?

ጋሼ ዘንድ አንድ ካርቶን አለ። ኦርጋን ይጫወትባቸው የነበሩ ሌሊቶች ናቸው፣ በካሴት። አንዱን አውጥቶ ሲያሳየኝ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ቅዳሜ፣ ሁለተኛ ዙር» ይላል። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ፣ ማን እንደዘፈነ አልተጻፈም። ጋሼ ግን ትንሽ እንዳደመጠ የዘፋኙን፣ የከበሮ መቺውን፣ ፊት ለፊት ቆሞ ብር ሲሸልም ያመሸውን ሰውዬ ሳይቀር ይነግርሃል። ልጆቹ አማርኛ አይሰሙም። ሚስቱ ደግሞ ቤቱን ልንሸጥ ነው ብላኛለች።

ደውዬ ካርቶኑን ልጠይቀው ይሆን? እሺ ቢለኝስ፣ ለማን ነው የማስረክበው? ከሁሉ በፊት አጠገቡ ተቀምጦ፣ ይሄ ማን ነው፣ ያኛውስ ማን ነው እያለ ስሙን የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ማን ይቀመጥ?